የነቀዘ ዝምታ

«ዝም አይነቅዝም» ብሎ ያሳደገኝ ተረት
ቢመስለኝ እውነት፣
ሰባት ዓመት ሙሉ
የጌታዬን ስም ከጥርሴ ጀርባ ቆለፍኩበት።

ካልጋሪ ነው ያለሁ፣ የጎማ ቤት ሠራተኛ፤
ኅዳር ገና ሲገባ፣ በረዶው ሲጥል፣ ሰልፉ ወደ እኛ።
ብሎን ስፈታ ውዬ፣ ብሎን ሳጠብቅ አመሻለሁ፣
በቀን ሰማንያ ጊዜ እንበረከካለሁ፤
ለጎማ።

ማተቤን አልበጠስኩም፤ ግን ከኮሌታዬ ሥር፣
እንደ ተሰረቀ ዕቃ ሸሽጌው ነው የምኖር።
ሃርጂት ከጎኔ አለ፣ ጥምጣሙ እንደ ባንዲራ፣
ማንም ሳይጠይቀው እምነቱን ከሩቅ የሚያወራ።
«የኔስ ምኑ ያሳፍራል?» እያልኩ ራሴን ጠይቄ፣
ምሳዬን በዓይኔ ብቻ እባርካለሁ፣ ተደብቄ።

ደግሞ አንድ ሰው አለ፣ ቅዳሜ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ፣
ድምፅ ማጉያ ይዞ እሳትና ዲን የሚያራግፍ።
«ትቃጠላላችሁ!» ሲል ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤
ቃሉ ከኔው መጽሐፍ ነው፣ ፍቅሩ ግን የት ቀርቷል?
«እንዲህ ከመጮህማ አፍ መያዝ ይሻላል»
አልኩና፣ ከሱ ጩኸት ቆርጬ ለፍርሃቴ ካባ ሰፋሁለት፤
ሰዎች ትሑት አሉኝ። እኔም ተቀበልኩት።

ማክሰኞ ነበር።
ዳሪል፣ ሃያ ዓመት ጎማ ሲገፋ ቀልድ ያልነጠፈበት፣
መፍቻው እጁ ላይ ቀረ፤ ስልኩን ዘጋ፣ ቃል ጠፋበት።
«ልጄን» አለ በመጨረሻ፣ «ነገ ሊከፍቱ ነው፣ ልቧን።»
ሃርጂት ትከሻውን ያዘው። ሌላው አየ ጫማውን።
እኔም ጫማዬን አየሁ።

ያኔ ነው የሸተተኝ።
አይነቅዝም ብለው ያስጎተሩኝ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ ክዳኑን ያልነካሁት እህል፣
ለተራበ ሰው ልሰፍር እጄን ብሰድበት፦
ብናኝ።
ለካስ ቃልም እህል ነው፤ ካልተሰፈረ ይበላዋል ነቀዝ፣
ከጎተራው ጥግ አንዲት እፍኝ ቀርታ ነበር፤ እሷን ልያዝ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም»፣ አውቃለሁ፤
እንግሊዝኛዬም ስብርባሪ ነው፣ ግሱን ከስሙ አጋጫለሁ።
ቢሆንም ቀረብኩት። ጓንቴን አወለቅኩ።
ስብከት አልደረደርኩ።
«ዳሪል» አልኩት፣ «እኔ በክርስቶስ አምናለሁ፤
ይህን ያህል ዘመን ስደብቅህ ኖሬ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።
እሱ የሰውን ሕመም ከሩቅ የሚያይ አይደለም፤
አልቅሷል፣ ደምቷል፤ ይህን ሌሊት ብቻህን አታልፈውም።
ነገ የሚሆነውን ላውቅልህ አልችልም፤
ብትፈቅድልኝ ግን፣ ስሟን ንገረኝና
ልጸልይላት።»

ዝም አለ። ኮምፕረሰሩ ብቻ አጓራ።
«ምን አገባህ» እስኪለኝ ጠበቅሁ፣ ላቤ በጀርባዬ ሲያበራ።
በቅባት እጁ ዓይኑን ጠረገ፣ ፊቱን ጥላሸት አዙሮ፣
«ብሩክ» አለኝ፣ «ብሩክ ነው ስሟ»፣ ድምፁ ተሰብሮ።

ብሩክ!
ያባቷ አፍ ሳያውቀው በኔ ቋንቋ መረቃት።
«እኛ ጋ የወንድ ስም ነው» አልኩት፣ «ትርጉሙ ግን የተባረከ ማለት።»
«ብሩክ… ብሩክ…» አለ ቀስ ብሎ፤
እንደ በቀለ አዲስ ጥርስ፣ ቃሉን በምላሱ ዳሰሰው፣ ደጋግሞ።

እዚያው፣ ከፊተኛው ግራ ጎማ አጠገብ፣
ሰማንያ አንደኛዬን ተንበረከክሁ።
ሃርጂትም ዓይኑን ጨፈነ፣ በራሱ መንገድ።
በአማርኛ ነበር የጸለይኩት፤ ሌላ ቋንቋ ከየት ላምጣ፤
ዳሪል «አሜን» ያለው ገና መሃል ላይ ሳለሁ ነው፣
ግን ያለቦታው አልወጣ።

ደጅ ላይ አንድ ደንበኛ ክላክሱን ነፋ።
ተነሣን። አምስቱንም ብሎን በተራ አጠበቅን፤
ስለ ነገው አላወራንም።
ማተቤ ከኮሌታዬ ወጥቶ፣ ባጎነበስኩ ቁጥር ይወዛወዛል።
መልሼ አልከተትኩትም።