የሁለት ቁልፍ መኪና

የበሩ ቁልፍ እኔ ዘንድ፣ የሞተሩ ይፍሩ ኪስ፤
ዘጠኝ ዓመት አንዳችን ካንዳችን ሳንደርስ
ኤድመንተን ዳር፣ ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣
ታክሲያችን ተቀምጣለች፣ ጎማዋ ከቸርኬው ወርዶ።

ኪራዩን ግን ሳናዛንፍ፣ እሱ በሙሉ ወር፣ እኔ በጎዶሎ፤
ሰው ለኩርፊያው ቤት ይከራያል? እኛ ተከራየን፤ ክፍያውም በቶሎ።

ጠቡ የስድስት መቶ አርባ ዶላር ነበር።
እሱ «ለካምቢዮ አውጥቻለሁ»፣
እኔ «ደረሰኙ የት አለ?» — ነገር ሲከር፣
ቁልፏን ነቅሎ ሄደ፤ አልጠራሁትም፤
የሒሳብ ደብተሩን ወንበሯ ላይ ጥዬ፣ በሩን ዘግቼ፣
ዞሬም አላየሁትም።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣ፦ መጋዘኑ ይፈርሳል፣
እስከ ኤፕሪል ማብቂያ ዕቃ ያለው ያነሳል።

ቅዳሜ ጠዋት። በረዶው ከጣሪያው ይንጠባጠባል።
ይፍሩ ቀድሞኝ ቆሟል፤ ሸብቷል፤ ጉልበቱን ያሻል።
እኔንም እንዲሁ አይቶኝ ይሆናል።
«ክሪክ ይዘሃል?» አለኝ —
የዘጠኝ ዓመት የመጀመሪያ ቃል።
«ይዣለሁ።»

ቆርቆሮው በር ተንቋቋ፤ ሽታው ቀድሞ ወጣ፦ የአይጥ ሽንት፣
የደረቀ ጎማ፣ የታሸገ ዘጠኝ ክረምት።
በአራቱም እግሯ እንደ ደከመች ግመል ተንበርክካ —
ብረትም ይጠብቃል፤
ብረትም ያኮርፋል ለካ።

ሰልባትዮውን ከፈትን። ቤንዚኑ ቤንዚንነቱን ትቶ
ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸታል፣ እንደ ቆየ ሻይ ጠቁሮ፣ ተኝቶ።
ይፍሩ በቱቦ ሳበው፤ አፉ ሞላ፤ ተፋ፤ ተሳደበ፤
ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ ሆዴ ግን ወደ ራሱ ሳበ።

ካንዴላዎቹን ፈታሁ። በየጉድጓዱ አንድ አንድ ማንኪያ ዘይት፣
ለታመመ ልጅ እንደሚሰጡት መድኃኒት።
«ከዚህ በኋላ ሥራው መጠበቅ ነው» አለ።
ባልዲ ገልብጠን ተቀመጥን።
ባቡር አለፈ፤ ሰባ ሁለት ፉርጎ ቆጠርኩ።
እሱ «ሰባ ሦስት» አለ።
ተውኩት።

ከዚያ የአየር ፊልትሮውን ሣጥን ከፈተና ዝም አለ።

የአይጥ ጎጆ። ስፖንጅ፣ ክር፣ የወንበር ጨርቅ፣
ባለ ሰማያዊ መስመር ወረቀት፣ ደቆ ደቆ እንደ ጭድ ድርቅ።
አንዱን ቁራጭ ወደ ብርሃን አነሳሁ፦ የራሴ የእጅ ጽሑፍ፤
«ይፍሩ ከወሰደው…» ይልና ከዚያ በኋላ የጥርስ ጫፍ።
እኛን ዘጠኝ ዓመት ያቃተንን ሒሳብ አይጥ አወራርዳው፣
ልጆቿን አሳድጋበት፣ በጊዜዋ ሄዳለች ጥላው።

ይፍሩ ጓንቱን አወለቀ፤ በጣቱ ነካው፤
«ለስላሳ ነው» አለ። ሌላ ምንም።

አዲስ ባትሪ ገባ። ክራንኩን በመፍቻ ያዝነው፤
እምቢ አለ። ደገምነው፤ እምቢ።
በሦስተኛው እንደ አሮጌ ጉልበት ቀጭ ብሎ ዞረ።
ንጹሕ ቤንዚን ቀዳን።
ይፍሩ ቁልፉን አወጣ፤ ማንጠልጠያው ያው የድሮው ገመድ፤
«አንተ ሞክራት» አለኝ፤ «እኔ ከኮፈኑ በኩል ልሁን» —
እንደ ጥንት ልማድ።

አንዴ፦ ሞተሪኖው ጠቅ።
ሁለቴ፦ ሳለች።
ሦስቴ፦ ሳለች፣ አጓራች፣ ነጭ ጭስ ተፍታ ተንቀጠቀጠች፣
ከማርሚታዋ አይጥ ያጠራቀመችውን እህል ዘርታ፣
ተነሣች!

ሜትሩም አብሯት በራ፤ ሦስት ዶላር ከስድሳ፤
ተሳፋሪ ሳይገባ መቁጠር ጀመረ።
ማርሽ አስገባሁ። አንድ ክንድ ተራምዳ ቆመች፤
የኋላ ፍሬኗ ከዝገቱ ተጣብቆ ቀረ።

ይፍሩ መዶሻ አነሳ። ወርጄ ጎማው ሥር ተንበረከክኩ፤
«በቀስታ» አልኩት።
«አውቃለሁ» አለ።
መታ።

ሜትሩ አራት ዶላር አለፈ፤
ማናችንም ልናጠፋው
እጃችንን አልዘረጋንም።