እርማት

በአደባባዩ ጥግ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣
ዙልሚራ ጋዜጣ ትሸጥ ነበር።
አሁን የምትሸጠው የስልክ ልባስ ነው፣
ማስቲካ፣ ቻርጀር፣ ሎተሪም ላሰኘው።

ያኔ፣ ሩቅም አይደል፣ ዐሥር ዓመት ቢሆነው፣
ከቤሎ ኦሪዞንቴ ሌሊት የተጫነው፣
ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በገመድ እንደታሰረ፣
ከአውቶቡሱ ጣራ ይወርድ ነበረ።
ከአግዳሚው ሦስት ሰዎች አንዱ ብቻ ይገዛል፤
ፀጉር አስተካካዩ ቤኔቫል ጮክ ብሎ ያነባል፣
ሾፌሩ ጁቬናል «ውሸት ነው» ይለዋል፣
ቲቡርሲዮ ጆሮው አይሰማም፣ ለሁለቱም ይስቃል።
ይሰዳደባሉ፣ አዎ፣ እስከ እናት ድረስ፣
ግን ጠባቸው ሁሉ አንድ ገጽ ላይ የሚፈስ።

ጋዜጣውን ጻድቅ ላደርገው አልሻም፤
የማዕድን ጌቶች ሲከፍሉት እምቢ አይልም፤
ወንዙ በብረት ጭቃ ሲቀላ አይቶ እንዳላየ፣
ስለ እግር ኳስ ሲጽፍ ሁለት ዓመት ቆየ።
ብቻ በገጽ ሦስት፣ ከታች፣ በቀኝ በኩል፣
ከሙታን ዝርዝርና ከአየር ትንበያ መሐል፣
ጉንዳን በሚያህል ፊደል «እርማት» የሚባል
አንድ ጠባብ ዓምድ ነበር፦
«ትናንት ሞቱ ያልናቸው ወይዘሮ ኤውላሊያ
በሕይወት አሉ፤ የሞቱት እህታቸው ናቸው። ይቅርታ።»
ዙልሚራ ከሁሉ አስቀድማ እሱን ታነብ ነበር፤
«የሚያፍር ሰው አለ» ትላለች «በዚያ ሰፈር።»

ኋላ ስልኩ መጣ። ሦስቱም አልተለዩ፣
እዚያው ተቀምጠዋል፣ ጎን ለጎን፣ እያዩ
ሦስት የተለያየ አገር።
ሰውየውም መጣ፤ በመድረክ አልመጣ፣
ዳቦ እየገመጠ፣ ከኩሽናው፣ በቁምጣ።
«እኔ እናንተ ነኝ» አለ፣ «እናንተም እኔ ናችሁ፤
ሌላው ሁሉ ሌባ ነው፤ አፌ ነው አፋችሁ።»
ቤኔቫል አለቀሰ። በስድሳ ዓመት ዕድሜው
ከላይ ካሉት ማንም፣ ማንም አላናገረው።
ማን ይፈርድበታል? ወንዙ ሲቀላበት
ዝም ያለው ጋዜጣ ለሰውየው በር ከፈተለት።

ድምፅ ይላክለታል፣ ሌሊት፣
ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ገጽ ሦስት የሌለው ድምፅ።
ተቀብሎ ይልካል፤ ለእህቱ፣ ለአማቱ፣ ለቄሱ።
በጥቅምቱ እሑድ ሄዶ ድምፅ ሰጠ።
የራሱን ነው የሰጠ፣ ወይስ የተላከለትን?
ሣጥኑ አይጠይቅም። ጢጥ አለ፣ ቆጠረ።

ሰውየው ተሸነፈ። ማታውን ሌላ ድምፅ መጣ፦
«ሙታን መርጠዋል! ከመቃብር ወጥተው!
በመጋቢት የተቀበረ፣ ቲቡርሲዮ የሚባል፣
በዚሁ በእኛ ጣቢያ!»
ቤኔቫል ለአርባ ሰው ካስተላለፈ በኋላ
ቀና አለ።
ቲቡርሲዮ አጠገቡ ብርቱካን ይልጣል።

የት ሄዶ ይመልሰው? አርባው አራት መቶ ሆኗል፤
ሩቅ ያሉት ዘመዶች እርሙን አውጥተዋል።

ዙልሚራ የቻርጀር ካርቶን ቀደደች፣
በወፍራም እስክርቢቶ ጻፈች፣ ከማንጎው ግንድ ሰቀለች፦
«እርማት። ቲቡርሲዮ አልሞተም። እዚህ ተቀምጧል።»

ቤኔቫል መነጽሩን አድርጎ ጮክ ብሎ አነበበ።
ጁቬናል «ውሸት ነው» አለ፣
የሟቹን ብርቱካን አፉ እንደሞላ።
ቲቡርሲዮ ለሁለቱም ሳቀ።