አንቀጽ ዘጠኝ

በሴቱባል ወደብ ዳር፣ ከዓሣ ገበያው ጥቂት ከፍ ብሎ፣
ሱቅ አለችን ጠባብ፤ መስኮቷ ላይ ነጭ ዘንግ ተሰቅሎ።
የምናከራየው መኪና አይደል፣ ወይ የሙሽራ ቀሚስ፤
ዓይን ነው፣ በወር ሂሳብ፤ የሚሰጥ፣ የሚመለስ።
ፊደል የሚያጎላ ስክሪን፣ በጣት የሚነበብ ሰሌዳ፣
ደብዳቤ ጮክ ብሎ የሚያነብ፣ ምሥጢር መያዝ የማያውቅ እንግዳ።
ሠላሳ አምስት ዩሮ በወር፣ መቶ ዩሮ ቀብድ፤
ተከራይ ከሰበረው የሱ ዕዳ፣ ካረጀ የኛ ጉድ።

የኔ ሥራ ዕቃው ሲመለስ ነው፦
መስተዋቱን በአልኮል መወልወል፣ ገመዱን መጠቅለል፣
ከዚያ ሆዱን ከፍቶ የቋጠረውን ምስል መንቀል።
ማጉያው ቁልፍ ሲነኩት ያየውን ያስቀራል፤
ተከራይ ይረሳዋል፤ ማሽን መቼ ይረሳል?

ስንቱን አየሁ በዚህ ወንበር!
የክኒን ብልቃጥ ጀርባ፣ ያልወጣ የሎተሪ ቁጥር፣
ከሹራብ ሾልካ የቀረች አንዲት ቀይ ክር፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው፣ ስክሪን የሞላ የሕፃን ጆሮ፣
የሰርዲን ቅርፊት፣ አንድ ብቻ፣ እንደ ብር ነጥሮ።
«ይሰረዝ?» ይላል ስክሪኑ። አዎ። «ይሰረዝ?» አዎ።
ደንቡ ነው፤ ያንዱ ዓይን ያየው ለሌላው አይተርፍም።

በጥቅምት ሴኞር አደሊኖ ኳሬዥማ መጣ፤
አርባ ዓመት ቆርቆሮ ላይ የሰርዲን ስም ያተመ፣
አሁን የዓይኑ መሐል ጠቁሮ፣ ዳር ዳሩ ብቻ የከረመ፣
እንደ ዶሮ በጎን የሚያይ፣ ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ።
«የት ልፈርም?» አለኝ። ጣቱን መስመሩ ላይ አኖርኩለት።
ሳያነብ ፈረመ። ማን ያነባል ያንን የጉንዳን ሰልፍ?
እኔ ራሴ አንብቤው አላውቅም፤ ሥራዬ ማስፈረም ነው፣ ማለፍ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ጮኸ።
«ልጄ፣ ውላችሁን አነበብኩት፤
ከጋዜጣም ከባንክም በፊት እሱን ነው ከማጉያው ሥር ያስቀደምኩት።
አንቀጽ ዘጠኝ፦ መስተዋቱ ቢጫር ተከራይ ይከፍላል፤
ተጭሯል፣ ከኔ በፊት፤ በስተግራ፣ ፀጉር ያህላል።
ደግሞ ‹ተከራይ› ከሚለው ቃል አንድ ፊደል ጎድሏል፤
እኔ እንዲህ አትሜ ቢሆን፣ አለቃዬ ሳጥኑን ባናቴ ይደፋው ነበር።»
ትንሽ ዝም አለ። ከኋላው ሬዲዮ የባሕሩን ወሬ ያወራል።
«ሌላም ልጠይቅሽ፦ የምታከራዩት ለማን ነው?
ታዲያ ፊደሉን እንዲህ ያሳነሰው ማን ነው?»

ለዶና ግራሲየቴ ነገርኳት። «ወረቀት ለመቆጠብ» አለች፤
ከዚያ ውሉን ወደ መስኮቱ ወስዳ፣ ዓይኗን አጥብባ፣ መነጽሯን ፈለገች።
መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነበር።

ጥር ሲገባ ማጉያውን መለሰ፤ ካርቶኑ በሲባጎ ታስሮ፣
ወሩ ገና ሳይሞላ።
«ሳጎላው ጥቁሩም አብሮ ጎላ»
አለ፤ ሌላ አልጨመረ።
ቀብዱን ቆጠርኩለት፤ ኖቶቹን በጣቱ ለካ፣ አመሰገነ፣ ሄደ።

ሆዱን ስከፍተው አንድ ምስል ብቻ ነበረው፦
አንቀጽ ዘጠኝ፣ እንደ ግድግዳ ገዝፎ፤
የጎደለችው ፊደል በቦታዋ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣
ጠርዟ የተንቀጠቀጠ፣ ከመስመር ግን ያልወጣች።

አዲሱ ውል ስድስት ገጽ ሆኗል፤ አንዱ ፊደል ሽንብራ ያህላል፤
ዶና ግራሲየቴ ስለ ቀለሙ ዋጋ ታጉረመርማለች።
አንቀጽ ዘጠኝ አሁንም አለ፤ እሱን አላስነሳንም።

ማጉያው ለሰኞ ተይዟል፤ ፈተና ያለባት ልጅ ትወስደዋለች።
«ይሰረዝ?» ይላል ስክሪኑ።
ዛሬ ዓርብ ነው።