የጭራ ዕዳ

“ማን አስተማረህ?” ይሉኛል፣ ሠርጉ አልቆ ወንበር ሲነሳ፤
አንድ ስም እንድጠራ ነው፤ እኔስ ማንን ጥዬ ማንን ላንሳ?

ቤታችን ጠባሴ ነበር፣ ነፋስ ከማያርፍበት፤
ውርጩ ሌሊት መጥቶ በሩን፣ በነጭ ከሚለስንበት።
አባቴ ሃያ ሰባት ዓመት፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ገብቶ፣
ለሰው ሙቀት ሲሸምን ኖረ፣ ጆሮውን ለመኪና ሰጥቶ።
“እንዴት አደርክ አባ?” ስለው፣ “ሁለት ሰዓት ሊሆን” ይለኛል፤
ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ፣ ደቂቃውን ይጨምርልኛል።
ከዚህ ቤት ነው እንግዲህ፣ ማሲንቆ ልማር ያልኩት፤
ቃል ከማይሻገርበት ቤት፣ ድምፅ ፍለጋ የወጣሁት።

ጋሽ ዘውገ፣ ከቀበሌው ኪነት፣ የቀረ የመጨረሻ ሰው፣
ካፖርቱን ከነቁልፉ፣ ብል እኩሌታውን የቀመሰው፣
አራት ወር ሙሉ አላስነካኝም፤ ጭራ ሲያስለየኝ ከረመ፤
“ነጩን ከአመዱ፣ ወፍራሙን ከቀጭኑ” እያለ ደጋገመ።
“ይሄም ትምህርት ነው?” አልኩት፣ ልቤ ወደ ቤት ሲመለስ፤
“ንቀህ ያለፍከው ጭራ ነው፣ ኋላ ሠርግ ላይ የሚበጠስ።”
ከዚያ ባቲን አስያዘኝ፤ ትዝታን ግን ከለከለ፤
“ምን ጠፍቶብህ ታውቃለህ? ምን ቀርቶብህ?” እያለ።
ሳበላሽ አይቆጣም ነበር፤ “ያችኑ ስህተት ድገማት፤
መልኳን በደንብ ካላየህ፣ ነገ ስትመጣ በምን ልትለያት?”

እኅቴ ሸዋዬ ደግሞ፣ ከቦኖው ወረፋ ይዛ፣
ባዶ ጄሪካን ትመታለች፣ ጣቷ በውርጭ ደንዝዛ፤
“ማን አባረረህ?” ትላለች፣ ስቸኩል ጆሮዋ ቀድሞ፤
ዛሬም መድረክ ላይ ስሮጥ፣
ይይዘኛል ያ ጄሪካን፣ ከኋላዬ ቆሞ።

ለመጀመሪያው ሠርግ ደብረ ሲና፣ በአይሱዙ ስንወርድ፣
ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፤ ጠፋ የምናየው መንገድ።
ሾፌሩ መስኮቱን ከፍቶ፣ በጡሩምባ ዳር ዳሩን ሲለካ፣
ጋሽ ዘውገ፦ “ስማ” አለኝ፤ “ቅኝት ማለት ይሄ ነው ለካ፤
ጠርተህ ገደሉ ሲመልስልህ፣ የት እንዳለህ ማወቅ።”
ያኔ ፍርሃት ይዞኝ ነበር፤ የገባኝ ኋላ ነው፣ ራቅ ስል፣ ራቅ።

አንድ ሐምሌ ይኸው ሰው፣ “ቆዳው ላልቷል፣ ልወጥረው” ብሎ
ማሲንቆዬን ይዞ ወጣ፣ በካፖርቱ ጠቅልሎ።
ሦስት ቀን። ሳምንት። ሁለት ሳምንት።
ማሲንቆዬ እትዬ አጸዱ ቤት፣ ለአረቄ ዕዳ ተይዟል፤
ከምስማር ላይ፣ ከጠርሙስ ጎን፣ አፉን ይዞ ተሰቅሏል።
እናቴ ይሄን ሰማች፤ እንዝርቷን አስቀምጣ ወጣች፤
የሁለት ወር የሱፍ ፈትል ከፍላ፣ ማሲንቆውን አዝላ መጣች።
“እርሜ ነው!” ብዬ ፎከርኩ፤ “ሁለተኛ ደጁን አልረግጥም!”
እሷ ግን፦ “ነገ ትምህርት አለህ።
ዕዳ ያለበት አፉ ነው እንጂ፣ እጁ ዕዳ የለበትም።”

ሄድኩ። ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየ፣
“ዛሬ ትዝታን ያዝ” አለኝ፣ ድምፁ ከሳል ያልተለየ።
ምን እንደጠፋ አልጠየቅሁም።

የዚያን ማታ አባቴ፣ ከፈረቃው ደክሞት ገብቶ፣
ጫማውን እንኳ ሳይፈታ፣ ጎኔ ተቀመጠ መዳፉን ዘርግቶ፤
ከማሲንቆው ደረት ላይ፣ ከቆዳው በቀስታ ጣለው፤
ክር የሞረደው መዳፍ፣ ዘይት ጥቁር ሥር የሳለው።
ደጋኑን ሳብኩ። ዓይኑን ጨፈነ።
መዳፉ ድምፁን አፈነው፤ ለእኛ ጆሮ የደረሰ የለም፤
ሸዋዬ ጄሪካን አልመታች፣ እናቴም እንዝርት አላዞረችም።
“እዚህ ጋ” አለ ቆይቶ፣ “እዚህ ጋ ማጉ ድሩን ሳተ፤
ፍታና ድገመው።”
እውነቱን ነው፤ ሌባ ጣቴ ነው የተንሸራተተ።

ፈታሁት። እንደገና ጀመርኩ።
እሱም መዳፉን አላነሳም።