ለራስ

ሰኞ ባቲ ወርጄ፣ ከገበያው ዳር፣
በቋንቋ ሳንግባባ ከአንዲት አፋር ጋር፣
በጣት ተደራድረን፣ በሳቅ ተስማምተን፣
በጉሎ ቅጠል ላይ ቅቤውን ጠቅልለን
ተለያየን።

ኮምቦልቻ ሳልደርስ፣ ገና ገርባ ላይ፣
ጉልበቴ ረጥቦ ቅጠሉን ገልጬ ሳይ፣
ግማሹ ቀልጧል፤ ረዳቱ ተቆጣ፦
«እትዬ፣ ለወንበር ነው ወይ ቅቤው የመጣ?»
ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።
«ለራሴ ነው» አልሁት። ቃሉን ራሴ ሰማሁ።

ለራሴ።
ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ፣ ይላል ሰው ሲተርት፤
እኔ ድፎውን ሁሉ ለሌላው ነው የቆረስሁት።

ፈትል ክፍል ነኝ፣ የሌሊት ተረኛ።
የጥጡ ብናኝ አናቴ ላይ ሲተኛ
ሳልሸብት እሸብታለሁ፤ ጠዋት ሳራግፈው
ከጥጡ ጋር አብሮ ጠጉሬም ነው የሚረግፈው።
ማበጠሪያዬ ላይ የማላውቃት ወፍ
ጎጆ ጀምራለች።

እሁድ እሁድ ደግሞ ሹሩባ እሠራለሁ፤
የሰፈሩን ሙሽራ በአናቷ አውቃታለሁ።
የዘምዘምን ፎረፎር፣ የብርቄን ራስ ምታት፣
ጣቴ ያውቀዋል የት ጋ እንደሚነካት።
የኔን ግን፣ «ነገ፣ ነገ» እያልሁ፣
በሻሽ ጠፍንጌው ኖርሁ።

ዛሬ በሬን ዘጋሁ፤ ስልኬን አጠፋሁት።
አደሱን ወቅጬ በቅቤው ለወስሁት፤
ከፍሙ አስጠግቼ እስኪላላ ጠበቅሁት።
መስታወቱን ወደ ግድግዳው አዞርሁት፤
ይሄ የዓይን ጉዳይ አይደለም።

ከግንባር እስከ ማጅራት መሐሉን ከፈልሁ፤
ቀስ፣ ደግሞ ቀስ፤ ሙሽራ ነኝ አልሁ።
ጣቴ ወረደ፣ ወረደና
ቆመ።

ጠጉር ያልበቀለባት፣ ሽንብራ የምታህል
ለስላሳ ጠባሳ።
ማነሽ አንቺ?

ሉባባ!
የእህቴ የሉባባ ድንጋይ! በአንዲት ሾላ ፍሬ
ተጣልተን፣ ስሮጥ፣ ከኋላ ተወርውሬ...
ድንጋዩ ነው እንጂ እኔ አልተወረወርሁም፤
ግን እንዲያ ነው የሚመስለኝ እስከ ዛሬም።
ደሜን ስታይ ጮኸች፣ ከኔ ብሳ አለቀሰች፤
ከናታችን ቅል ቅቤ ሰርቃ፣ በጣቷ ዝቃ፣
ቁስሌን ደፈነችው። «ለእማ እንዳትነግሪ!»

አልነገርሁም። እንዲያውም ረሳሁት።
ስንት ሰው ራስ ዳብሼ፣ ስንት ጠባሳ አግኝቼ፣
የራሴን ኖሬያለሁ ከጠጉሬ ሥር ቀብሬ ትቼ።
ሉባባም ባቲ ናት። በአንዲት የውርስ በሬ
ከተኳረፍን ሰባት ዓመት።
ሰኞ በደጇ አለፍሁ፤ በሯ ገርበብ ብሏል፤
ቅቤው እንዳይቀልጥብኝ ቸኩዬ፣
አልገባሁም።

ቅቤው ይወርዳል አሁን፣ በግንባሬ፣ በጆሮዬ ግንድ፣
ቀሚሴን ነካው፤ ይንካው፤
የሚመጣ እንግዳ የለም።
ከንፈሬ ላይ ደረሰ፤ ቀመስሁት፤ ጨው ጨው አለኝ።
እንዴት ነው ነገሩ?
ያቺ አፋር ጣቷን ልሳ፣ ራሷን ነቅንቃ፣
ጨው የለውም ብላ ነበር የሸጠችኝ።