የማር ጣሳ

እኔ ፊት አላይም፤ መስኮቷን ነው የማይ፣
ጓዝ ሁሉ ራቁቱን የሚያልፍባትን ሰማይ።
ብረት ሰማያዊ፣ እህል ብርቱካን ነው፤
አረንጓዴው ደግሞ የሚያጠራጥረው።
በሶ አውቃለሁ በጥላው፣ ቅቤ አውቃለሁ በቅርጹ፣
ቁርኣን ከነሽፋኑ፣ ዳዊት ከነገጹ፤
የሐርቡ ነጋዴ ጫት በፎጣ ጠቅሎ
አልፎ ይስቅብኛል፦ «ሻይ ቅጠል ነው» ብሎ።

መሣሪያም አይቻለሁ። ወረቀት ያለው ሰው
ጥይቱን አውጥቶ፣ ቆጥሮ ሲያስረክበው፤
ደረሰኙን አጥፎ ኪሱ እየመለሰ፣
ባዶ ወገቡን ሦስቴ እየዳሰሰ።

ያን ማክሰኞ ጭጋግ ኮምቦልቻን ሸፍኖት፣
በረራው ዘግይቶ፣ ሰዉን ድካም ይዞት፣
ወይዘሮ ሞሚና፣ ከቃሉ ተነስታ፣
መጣች በማለዳ፣ ሰልፉን ታግሳ፣
በአረንጓዴ ሻሽ የታሰረች ጣሳ
በሁለት እጇ አቅፋ።
የሞራ ግርዶሽ ነው ዓይኗን የጋረዳት፤
ልጇ ትኬት ቆርጦ አዲስ አበባ ጠራት።

«ምንድን ነው እማማ?» ስላት፣ «ማር ነው» አለች፤
«ጎረቤቴ ሰጠኝ፣ እህቱ ወልዳለች፤
ቦሌ በሩ ላይ ቆሞ ተቀባይ ሰው አለ፤
አደራ አይፈታም፤ ይደርሳል እንዳለ።»

ጣሳዋ ገባች። ድፍን ብርቱካን ሆነች፤
በመስኮቴ ሰማይ እንደ ጀንበር ወጣች።
ከጀንበሯ ማህል ግን፣ ጣቴ ቀዘቀዘ፣
ሰማያዊ ክርን፣ ታጥፎ የፈዘዘ።

ማር ክርን የለውም።

ቀዩን ተጫንኩት። ምንጣፉ ቆመ።
ሰልፉም ቆመ። ሳሉም ቆመ።
የአንዱ ስልክ ብቻ ጠርቶ ጠርቶ ደከመ።

ሃምሳ አለቃ ወዳጆ እጅጌውን ሰቅሎ
እስከ ክርኑ ገባ፣ ማሩ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፤
መዳፉ ሲወጣ፣ ወርቅ እየነጠበ፣
ላስቲክ የለበሰ ሽጉጥ አብሮ ሳበ።
ጥይቶቹ ቀጥለው፣ ሰፈፍ አጣብቋቸው፤
እጭ ነበር የመሰሉኝ፣ ስድስት ስንቆጥራቸው።

ሞሚና አላየችም። ጆሮዋን ብቻ ሰጥታ
«ክደኑት» አለችን፣ «ዝንብ እንዳይገባበት።»

«የሰጠሽ ሰው ስሙ?»
«ይማም ነው፤ የግድግዳ ጎረቤቴ፣
እሳት የሚጭር ከደጄ፣ ያደገ በቤቴ፤
እሾህ ያወጣሁለት ካውራ ጣቱ ሥር።»
ደወልን ለይማም። ስልኩ ዝግ ነበር።

እኔም እኮ በልጅነት፣ ከውጫሌ ደሴ፣
አጎቴ የላከውን ቋጠሮ በኪሴ
ሳልፈታ አድርሻለሁ፤ እስከ ዛሬም አላውቅ
ጥይት ይሁን ወይ ጨው፣ ብር ይሁን ወይ ወርቅ።
ዱዓ ተደረገልኝ፣ ተመረቅሁ በቤቱ፤
ዛሬ እንጀራዬ ነው አደራ መፍታቱ።

ጭጋጉ ተገፎ አውሮፕላኑ ሄደ፣
አንድ ወንበር ጎድሎት።
ሞሚና ከቢሮ፣ ሻይዋ ቀዝቅዞባት፣
«አራሷስ?» ትላለች፣ «እንዳልመጣሁ ማን ነገራት?»
አራስ እንደሌለች ማን ደፍሮ ይንገራት።

ማሩ ጠረጴዛው ላይ ቀረ ተዝረክርኮ፤
የጫማ ትሪዎች ተጣበቁ እኮ!
ሹራብ ለባሹ ሰውዬ ቀበቶውን ሲያነሳ
ክር እየጎተተ፣ ሳቀ፣ ከዚያ ተወው።

ከሰዓት አንዲት ንብ ከሜዳው መጣች፤
በመፈተሻው በር፣ መርፌዋን እንደያዘች፣
አለፈች።
አልጮኸም።

ሪፖርቱን ጻፍኩኝ፦ ዓይነት፣ ብዛት፣ ሰዓት፣
ፊርማ፣ የምስክር ስም፣ የጣሳዋ ክብደት።
አንድ ያልጻፍኩት አለ፦
ጓንቴን ሳወልቅ
ጣቴ ላይ የቀረውን
ዞር ብዬ ላስኩት።

እውነት ማር ነበር።