የሳጥኑ ተራ

ፒያሳ አዳራሽ ውስጥ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣
«በዓይኔ ነው ያየሁት» እያሉ ሲምሉ፣
እንየው በመጋዙ ከወገቤ ሲከፍለኝ፣
ሰው ትንፋሹን ውጦ «እግዜር ያትርፍሽ» ሲለኝ፣
እግሬ ከወዲያ ማዶ፣ ራሴ ከወዲህ ሲቀር፣
አንዲት ጠብታ ደም ፈስሳ አታውቅም ነበር።

መስከረም ሲጠባ አዳራሹ ተዘጋ፤ ሊታደስ ነው ተባለ።
እንየውም «እንግዲያው ወረዳ ለወረዳ እንዙር» አለ።
ማክሰኝት፣ ቆላ ድባ፣ ዳባት፣ አምባ ጊዮርጊስ።
ሳጥኑ ግን ከሚኒባሱ ጣሪያ ሁለት ክንድ ተረፈ።
ረዳቱ ዞሮ አየው፣ አንኳኳው በጣቱ፣
«ሬሳ ነው?» አለን፣ ቆቡን ሊያወልቅ ከአናቱ።
«የለም፣ ዕቃ ነው» ስንለው ቆቡን መለሰና፣
«የአራት ሰው ሒሳብ ነው፤ ካልሆነ ነገ ኑ፣ አሳጥራችሁትና።»

አዘዞ ወረድን፣ ጫኔ ከሚባል አናጢ ደጅ።
ጫኔ እርሳሱን ከጆሮው አወረደ፣ ለካ፤
«ሴት የሚቆርጠው ይሄ ነው?» አለ፣ ክዳኑን እየነካ።
ከዚያ መጋዝ አነሣ። የእውነቱን መጋዝ።
(የእንየው መጋዝ ጥርሱ ዱልዱም ነው፤
ይህን የምናውቅ ሳጥኑና እኔ ብቻ ነበርን።)
ብናኙ ሲበን፣ የጥድ ሽታ ሲወጣ፣
ዓይኔን ጨፈንኩ።
አሥራ አንድ ዓመት በውሸት፣ በመብራት፣ በከበሮ ተቆርጬ
ያልተሰማኝ ሰውዬ፣
የሳጥኑ ተራ ደርሶ በእውነት ሲሰነጠቅ
ወገቤን አመመኝ።

ከትርፉ ጣውላ ጫኔ በርጩማ ሠራልኝ።
ምርቃት ነው አለ።

ማክሰኝት፣ የእህል መጋዘን። መጋረጃ የለ።
ከፊት ሰው፣ ከጎን ሰው፣ ከኋላም ሰው አለ፤
ልጆች ከጆንያው ክምር ጫፍ ተንጠልጥለው፤
ለካ ምትሃት ፊት እንጂ ጀርባ የለው።
እርግቧን ከባዶ አየር ሊያወጣ ሲል ገና፣
«ከእጅጌው ናት!» አለ አንድ ልጅ፣ ከላይ ሆኖ አየና።
መጋዘኑ ሳቀ። እርግቧም ደንግጣ ወራጁ ላይ ወጣች፣
ሌሊቱን የማኅበሩን ጤፍ ስትለቅም አደረች።

አልጋ ቤታችን እንየው ራት አልበላም።
ምላጭ አነሣና የኮቱን እጅጌ
ከክርኑ በላይ ቆረጠው።
«ካየማ» አለ፣ «ደህና አድርጎ ይየው።»

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ክንዱ እስከ ላይ ራቁት፣
ምንም ይዞ አልገባ፤ «ያላችሁን» አለ «አምጡት።»
የአህያ መጫኛ፣ የበር ቁልፍ፣ አንድ ብር።
ብሯ ከሰጪዋ ጫማ ውስጥ ተገኘች፤
ቁልፉን እስኪያገኙት ሁለት ሰው ተጣላ።
መጫኛውን ቆርጦ ሲቀጥለው፣
ባለቤቱ ሽማግሌ ቋጠሮ ፈለገ፣ በጥርሱ ሞከረ፤
«የኔ አይደለም» አለ፤ አሸተተውና «የኔው ነው» ብሎ አፈረ።
ደጅ የቀሩት በሩን እየገፉ፣
«እንየው! እንየው!» ይላሉ።
ስሙን ይሁን የሚጠሩት፣ ዓይናቸውን ይሁን የሚለምኑለት፣
እስከ ዛሬ አልለየሁም።

እኔስ?
ያጠረው ሳጥን ጉልበቴን አይችልም፤
አሁን እርግብና ሻማ ይኖሩበታል።
ዳባት፣ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ላይ
የማባዛት ሠንጠረዥ ሳይጠፋ፣ መብራት ሄደ።
እንየው ክብሪት ጫረ። ሰው ሁሉ እሳቷን ሲያይ፣
ነጠላዬን ተከናንቤ፣ በርጩማዬን ይዤ፣
ከመሀላቸው ገብቼ ተቀመጥኩ።
ማንም አልዞረም።
መጥፋት ይህን ያህል ርካሽ ኖሯል።

ሁለተኛው ክብሪት ሲበራ መድረኩ ባዶ ነው።
መድረክ ስል፣ የመምህሩ ጠረጴዛ።
ከጎኔ ያለው ልጅ፣ ብርድ አፍንጫውን ያቀላው፣
በክርኑ ጎሰም አደረገኝ፦
«ሴትዮዋን አየሻት? አሁን እኮ እዚያ ነበረች!»

ከወገቤ በላይም፣ ከወገቤ በታችም፣
ባንድ በርጩማ ተቀምጬ፣
ከያዝኩት ሱፍ ዘገንኩለትና
«እንጃ» አልኩት።